ዲፍሎክ ልታስገጥሙ ያሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት

ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ በዝቶብኛል። «ቲቸር፣ ለፒክአፔ ዲፍሎክ ላስገጥም ነው፤ የአየር ይሻላል የኤሌክትሪክ? ከፊትም ከኋላም ላድርገው?» አብዛኞቻችሁ የድሮ ተማሪዎቼ ስለሆናችሁ ዲፍረንሻል ምን እንደሚሠራ አልደግምላችሁም። (እሺ፣ ለሌሎቻችሁ ባጭሩ፦ ተራ ዲፍረንሻል ለግራና ለቀኝ ጎማ እኩል ጉልበት ነው የሚሰጠው። አንዱ ጭቃ ላይ በባዶ ሲሽከረከር፣ ደረቅ ላይ ያለውም የሚደርሰው ያችው ትንሽ ጉልበት ናት። ፎር ዊል አስገብታችሁም መረሬ ላይ ቁጭ የምትሉት ለዚህ ነው። ዲፍሎክ ሁለቱን ጎማ አንድ ላይ ያስርና መሬት የያዘው እንዲገፋ ያደርጋል።)

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የኋላውን ብቻ አስገጥሙ፤ እሱንም ከሾፌሩ ወንበር በቁልፍ የሚታሰርና የሚፈታውን ዓይነት። ሁላችሁም የምትጠይቁኝ ስለ ማሰሩ ነው፤ ለእኔ ገንዘቡን የሚያወጣው መፈታቱ ነው።

በክረምት ደጋ ላይ፣ ወደ ገደሉ ያጋደለ የጭቃ መንገድ አስቡ። ዲፍረንሻሉ ካልታሰረ አንዱ ጎማ ቢሽከረከርም ሌላው መሬቱን ቆንጥጦ የመኪናውን ኋላ ሊያቆየው ይችላል። ከታሰረ ግን ሁለቱም እኩል ይዞራሉ፣ ሲለቁም አብረው ይለቃሉ። ያኔ ኋላው ወደ ቁልቁለቱ ይንሸራተታል። ሾፌሩ «ዲፍሎክ አለኝ» ብሎ ነዳጅ ሲረግጥማ የባሰ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ፈትቶ በቀስታ ማለፍ ነው። ስለዚህ «ውስጡን በብየዳ እንምታውና በርካሽ እንገላገል» የሚላችሁ ካለ አትስሙት። የተበየደ ዲፍረንሻል አይፈታም፤ አስፋልት ላይ በየኩርባው ጎማ ይበላል፣ አክስል ይሰብራል። ሰው የሚጭን መኪና ላይ እንዲህ ማድረግ ለእኔ ወንጀል ነው።

የፊቱስ? ሲታሰር መሪው ድንጋይ ይሆናል። መሪ ጠምዝዞ ነዳጅ የሚረግጥ ሾፌር ደግሞ የፊቱን ጆይንት ይሰብረዋል። ቋጥኝ ለመውጣት ይጠቅማል፣ አልክድም፤ ግን ላስቲኩ ላሽቆ «የፊት ዲፍሎክ» የሚለኝን ሰው መጀመሪያ ጎማ ግዛ ነው የምለው።

አየር ወይስ ኤሌክትሪክ የሚለውን መኪናው የሚውልበት ቦታ ይወስነዋል። አፋር ወይም ሶማሌ ክልል አሸዋ ላይ የምትሠሩ ከሆነ እንደ ኤአርቢ ያለው የአየሩ ይሻላችኋል። ኮምፕሬሰሩ ለአሸዋ ያስተነፈሳችሁትን ጎማ መልሶ ይሞላላችኋል። ቱቦው ውጭ ላይ ቢያፈስ በሳሙና አረፋ ይገኛል፣ መንገድ ላይም ይቀጠላል። የውስጥ ጎሚኒው ከለቀቀ ግን ዲፍረንሻሉ መፈታቱ አይቀርም። አሸዋ የማታዩ ከሆነ የኤሌክትሪኩ ይበቃል፤ እንደ ሃሮፕ ያለው በማግኔት ስለሚታሰር ከሽቦና ከፊውዝ ሌላ ብዙ የሚፈተሽ የለውም። የቶዮታ የፋብሪካው ግን በሞተር ነው የሚሠራው። ሳይነካ ከከረመ ውሃና ዝገት ያደርቀዋል። በወር አንዴ ልቅ አፈር ላይ አስራችሁ ፍቱት።

ያገለገለ የፋብሪካ ዲፍሎክ በርካሽ ያገኛችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ የራሱን ቤት ይፈልጋል፣ ተራው የኋላ አክስል ውስጥ እንዲሁ አይገባም። አዲስም ቢሆን የአክስሉን ጥርስ ብዛትና የዲፍረንሻሉን ሬሾ ሳታረጋግጡ ቀብድ አትክፈሉ። ሲገጠም የክራውኑና የፒኒየኑ ክፍተት በዳያል ጌጅ መለካት አለበት። መካኒኩ «በእጄ አውቀዋለሁ» ካላችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

አፋር የምትመላለሱ ሾፌሮች፣ የአየር ቱቦውን ከጭስ ማውጫው አርቃችሁ በየት በኩል እንዳሳለፋችሁት እስቲ ኮሜንት ላይ ፎቶ ጣሉልን።