መሪ ላይ ያለ ብረት ይጉበጥ እንጂ አይሰበር

ወዳጆቼ፣ በተለይ ወርክሾፕ ውስጥ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነውና ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ከድሮ ተማሪዎቼ አንዱ ካሊፎርኒያ ነው የሚኖረው። እዚያ ሆት ሮድ የሚሏቸው መኪኖች አሉ። አሮጌ ፎርድ ወስደው፣ ሞተሩን ቀይረው፣ ፊቱን ዝቅ አድርገው እንደገና የሚገጣጥሟቸው ናቸው። ልጁ እ.ኤ.አ. የ1932 ፎርድ እየሠራ ነው። ሰሞኑን በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። "ቲቸር፣ የመሪውን ዘንግና ክንዶች በሙሉ በእጄ ሠራኋቸው" ይላል።

ዘንጉን አይቼ ደስ አለኝ። ክንዶቹን አይቼ ግን ስልኩን ዘጋሁት። ያን ቀን አልመለስኩለትም።

በደስታው ልጀምር። ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያያይዘውን ረጅም ዘንግ፣ ታይሮዱን ማለቴ ነው፣ ከለስላሳ ብረት ቱቦ ነው የሠራው። የውጭ ስፋቱ 22 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የግድግዳው ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር። ሁለቱን ጫፎች ከውስጥ ጥርስ አውጥቶላቸዋል፤ አንዱን የቀኝ፣ ሌላውን የግራ ጥርስ። የግራውን ለምን እንደምንለፋበት ታስታውሳላችሁ? ዘንጉ መኪናው ላይ እንደተገጠመ መሃሉን ይዘህ ስታዞረው ይረዝማል ወይ ያጥራል፤ የጎማውን አቅጣጫ ምንም ሳትፈታ ታስተካክላለህ ማለት ነው። የጥርሱ መጠን 11/16 ኢንች ስለሆነ ቢያንስ የዚያን አንድ ተኩል እጥፍ፣ 26 ሚሊ ሜትር ያህል ውስጥ መግባት አለበት። እሱ 30 አስገብቷል። ጫፎቹን ግን፣ ኳስ ያለባቸውን ማለቴ ነው፣ አልሠራቸውም፤ ገዝቷቸዋል። እሰይ! ጎሽ የኔ ልጅ!

አሁን ወደ ክንዶቹ። መኪናውን ዝቅ ለማድረግ የፊቱ አክስል ወደ ታች የታጠፈ ይሆንና ታይሮዱ አክስሉን የያዘውን ሹካ ይነካል። ስለዚህ ከጎማው የሚወጡት ክንዶችም ወደ ታች መውረድ አለባቸው። ልጁ ምን አደረገ? ከጭነት መኪና ባሌስትራ ቆርጦ፣ በሁለት ቦታ በየደ፣ ከዚያ ክሮም አስነከረው። "ለምን ባሌስትራ?" ብለው "ጠንካራ ስለሆነ ነዋ ቲቸር!" አለኝ።

ይቺን "ጠንካራ" የምትባል ቃል እዚህ አዲስ አበባ ቶርኖ ቤት በር ላይ በቀን አሥር ጊዜ ትሰሟታላችሁ። ደንበኛው "ጠንካራ ብረት አድርግልኝ" ይላል፤ ባለ ቶርኖውም "እንዳይሰበር አድርጌ ነው የምሠራልህ" ይላል። ሁለቱም ከልባቸው ነው የሚናገሩት፤ ሁለቱም ተሳስተዋል። ባሌስትራ ካርቦኑ ብዙ ነው። ስትበይደው ከብየዳው አጠገብ ያለው ብረት ይግላል፣ ወዲያው ደግሞ ይቀዘቅዛል፣ እንደ ብርጭቆም ይሆናል። ከላይ ስታየው ብየዳው ያማረ ነው፤ ስንጥቁ የሚጀምረው ግን ከጎኑ ነው። ክሮሙ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በአሲድና በክሮም መታጠቢያው ውስጥ ሃይድሮጂን ወደ ብረቱ ይገባል፤ ጠንካራ ብረት ከሆነ በሰዓታት ውስጥ ምድጃ ገብቶ ካልወጣለት ጭነት ሲያገኘው ከቀናት በኋላ እንኳ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስንጥቁ ቢመጣም ያ የሚያብረቀርቀው ነገር ሸፍኖት ቶሎ አታየውም።

ለስላሳው ቱቦ ግን ድንጋይ ቢመታው ይጎብጣል። ሲጎብጥ መሪው ይጣመማል፣ ጎማው ባንድ በኩል ይበላል፣ ሾፌሩ "መኪናዬ ወደ ግራ ትጎትታለች" ብሎ ወደ ጋራዥ ይመጣል። ያ የባሌስትራ ክንድ ምንም አይናገርም፤ ዝም ብሎ ቆይቶ አንድ ቀን ቀጭ ይላል።

ይሄን ስጽፍለት ተቆጣ። "ቲቸር፣ እናንተ እኮ በፌሮ ትሠሩ ነበር!" አለኝ።

እውነቱን ነው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ የአንድ ጎረቤታችን ቮልስ ታይሮድ ተበላሸ። ዕቃው ገበያ ላይ የለም። በፌሮ ተበይዶ መጣና "እስቲ እየው" ተባልኩ። ዞር ዞር አድርጌ አየሁት፣ በመዶሻ ነካ ነካ አደረግሁት፣ "ጥሩ ነው" አልኩ። ሁለት ሳምንት ሠራ። ከዚያ ከግቢያቸው ሊወጡ መሪውን እስከ መጨረሻው ሲያዞሩት ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ጎማ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ። በር ላይ ስለሆነ ማንም አልተጎዳም። ከበሩ ወዲያ ያለው ቁልቁለት ግን እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ሰውየው አንድም ቀን አልወቀሱኝም፤ ይልቅ እንቁላል ልከውልኛል።

ስለዚህ "በእጅ አይሠራ" የሚሉትን አልደግፍም። ዕቃ በማይገኝበት አገር ያደግን ሰዎች ነን፤ በእጃችን ባንሠራ መኪናው ሁሉ ቆሞ ይቀር ነበር። ቱቦውን ሥሩ፣ ቡሺንግ ሥሩ። ዲያሜትር በሚቀየርበት ቦታ ማዕዘኑን ክብ አድርጋችሁ ሥሩ፤ በቶርኖ ስለት ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጥግ የስንጥቅ መነሻ ነው። የብረቱን ዓይነት ሳታውቁ ግን አትንኩ፤ ፌሮ የመጣበት አይታወቅም። ኳስ ያለበትን ጫፍና ተቀጥቅጦ የተሠራውን ክንድ ከፋብሪካ ግዙ፤ ከጠፋም ከሌላ መኪና ደህናውን ፈልጉ፤ እሱም ከጠፋ መኪናው ይቁም። አዎ፣ ይቁም።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ስንቱ ይረሳዋል፦ ሾጠጥ ያለው እግር ቀዳዳው ውስጥ በደንብ መቀመጡን በቀለም አይታችሁ አረጋግጡ። ዳዶውን ካጠበቃችሁ በኋላ ኮፒልያው ቀዳዳውን ካላገኘ ወደፊት አጥብቁ እንጂ ወደ ኋላ እንዳትፈቱ። በፈተና ላይ ስንት ሰው እንደጣልኩበት ታውቃላችሁ።

ልጁ ለሦስት ቀን ዘጋኝ። ትናንት ማታ ሌላ ፎቶ ላከ። ክንዶቹን በመፍጫ ሊቆርጣቸው አስቦ እጁ እምቢ አለው መሰለኝ፣ ግድግዳ ላይ ሰቅሏቸዋል። ለዝቅ ያለ አክስል ተቀጥቅጠው የተሠሩትን አዝዣለሁ ብሏል። መኪናዋ ለእሁዱ የሆት ሮድ ስብሰባ አትደርስም። ልጁን ከጎኑ አስቀምጦ ሊሄድ ነበር ያሰበው።

ፎቶውን እሱ ፈቅዶልኝ ከታች አድርጌዋለሁ። የክሮሙን ክንድ አጉሉትና ከብየዳው ጎን ያለችውን ቀጭን መስመር ፈልጉ። መኪናዋ ገና አንድም ቀን መንገድ አልወጣችም።