ሸክላው ሲታደስ ስሙ አይጥፋ

የድሮ ሸክላ በውጭ አገር እንደ ገና መታተሙ ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ማለቂያ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም ሠላሳ ያህል ሲዲዎች አከታትሎ አውጥቷል። በ1972 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ የታተመው የሙላቱ አስታጥቄ ሸክላም ከ45 ዓመት በኋላ በ2017 እ.ኤ.አ. ታድሷል።

ለኛ ለሐይቅና ለአምባሰል ልጆች ግን የአያሌው መስፍን ነገር ይበልጥ ይቀርበናል። አያሌው የወሎ ተወላጅ፣ ድምፃዊና የዘፈን ደራሲ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ከ«ጥቁር አንበሳ» ባንድ ጋር ሸክላ ሲያስቀዳ፣ የራሱንም ሙዚቃ ቤት ሲያስተዳድር ቆይቶ ደርግ አሰረው፤ ዘፈኑንም አገደበት። በ2018 እ.ኤ.አ. «ናው አጌን» የተባለ የአሜሪካ አሳታሚ ከራሱ ከባለቤቱ ጋር ተስማምቶ «ሐሳቤ» በሚል ርእስ ሥራዎቹን አሳተመለት።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ሲሰሙ «ፈረንጅ ቅርሳችንን ወሰደብን» ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ሸክላው በየጓዳው ሲሰበር ዝም ብለን፣ ከአቧራ ውስጥ ያነሣውን ሰው መውቀስ ፍርድ አይደለም። ልንጠይቅ የሚገባን ሌላ ነገር ነው፤ የዘፋኙና የደራሲው ስም በትክክል ተጽፏል ወይ? ድርሻቸውስ ደርሷቸዋል ወይ?

የስም ነገር ተራ ክብር ብቻ አይደለም፤ የሕግም ጉዳይ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ለከዋኙና ለድምፅ ቅጂው አሳታሚ ግን የሚሰጠው 50 ዓመት ብቻ ነው። እንግዲህ በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የተቀዳ ሸክላ ሃምሳኛ ዓመቱ አልፏል። ለእንዲህ ያለው ሸክላ ኢዮቤልዩ ሲከበርለት፣ የዘፋኙ መብት የሚያበቃበትም ጊዜ መሆኑን ማን ያስታውሳል? ከዚያ በኋላ የሚቀረው የደራሲው መብት ነው፤ ደራሲው ማን እንደ ሆነ ካልተጻፈ ግን ማን ሊከራከርለት ይችላል?

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ከተባሉት ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ ስማቸውን ያገኙት ከወሎ ምድር ነው። አምባሰልን በማዜም የታወቀችው ማሪቱ ለገሰም የወሎ ልጅ ናት። ቅኝቱ የሕዝብ ነውና ማንም «የኔ ነው» ሊል አይችልም። በቅኝቱ አዲስ ግጥም የሚያወርደው፣ መሰንቆውን የሚገዘግዘው ሰው ግን ስም አለው። ዛሬ በየሠርጉ በስልክ እየተቀረፀ የሚበተነው ዘፈን አብዛኛው ስም የለሽ ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ይህን የሚያድስ ሰው ቢመጣ ማንን ይጠይቃል?

አባቶቻችን ይህን ያውቁበት ነበር። በሐይቅ እስጢፋኖስ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ምዕት ዓመት ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል የሰጪውን ስም ይዞ እስከ ዘመናችን ደርሷል። የውል ነገር ደግሞ ከአምባሰል በላይ ማን ሊያውቀው? በ1881 ዓ.ም. በውጫሌ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛ አንድ፣ በኢጣልያንኛ ሌላ ሆኖ መዘዙ እስከ ዐድዋ አደረሰን። ዛሬም አንድ አዝማሪ በማያነበው ቋንቋ ፈርሞ ድምፁን ቢሰጥ፣ የውጫሌ ትምህርት ከኛ አልገባም ማለት ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ እያንዳንዳችን ቢያንስ አንድ አዝማሪ ወይም አንዲት አንጎራጓሪ እናት ፈቃዳቸውን ጠይቀን እንቅረፅ። ስማቸውን፣ ግጥሙ የማን እንደ ሆነ፣ ቦታውንና ቀኑን እንጻፍ። ከቅጂውም አንዱን ለባለቤቱ፣ አንዱን ለቤተ መጻሕፍታችን እንስጥ። የሕግ ተማሪዎችም በአማርኛ የተጻፈ የአንድ ገጽ ውል ያዘጋጁልን።

ለዚህ የሚያስፈልገው ስልክ፣ እርሳስና ትንሽ ትዕግሥት ነው። ሦስቱም በእጃችን ሳሉ ስሙ ቢጠፋ፣ ወቀሳው በፈረንጅ ሳይሆን በኛ ላይ ይሆናል።