ሁሉም ከተጻፈ ዱዓው ለምን?

በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ረመዳን በእነዚህ ዓመታት የሚገባው ቡናችን ለማበብ ዝናብ በሚጠብቅበት ወራት ነው። በአፍጥር ሰዓት ለዝናብ ዱዓ ስናደርግ ልጆቻችን «ሁሉም ከተጻፈ ዱዓው ለምን?» ይሉናል። ቁጣ መልስ አይሆንም።

ሰይዲና ዑመር ወረርሽኝ ከገባባት ሻም ሲመለሱ አቡ ዑበይዳ ከአላህ ውሳኔ ይሸሹ እንደሆነ ጠየቋቸው። ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ እንደሚሸሹ መለሱ። ዱዓም ከቀደር ውጭ አይደለም፤ እጃችንን የምናነሳው ግን ወደን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ሲገባ የመልኮ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን መረጡ። የስንቱ ዱዓ መልስ በዚያ ችግኝ መጥቶ ይሆን?

እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው፦ በአፍጥር ዝናብ ለምኖ፣ በለቀማ ጊዜ አረንጓዴውን ከቀዩ ጋር ሸምጥጦ፣ ዋጋ ሲያጣ «ቀደሬ ነው» የሚለው ሰው።