ዓይኑን የሚከድን አውቶሞቢል

በናይሮቢ ከተማ በንጎንግ የፈረስ መሮጫ ሜዳ የሚታይ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970 የተጀመረ የአውቶሞቢሎች የውበት ውድድር አለ። አሮጌ መኪናቸውን ለእንዲህ ያለው ቀን ሲያሰናዱ፥ የፊት መብራቱ በቀን ተከድኖ በማታ ብቻ እንዲገለጥ የሚመኙ አንባቢዎች ቢኖሩ ጥቂት ምክር አለን።

ብልሃቱ አዲስ አይደለም። በ1936 የወጣው ኮርድ 810 የተሰወሩ መብራቶች ነበሩት፤ ነጂው በእጁ እያዞረ ያወጣቸው ነበር። የ1963ቱ ኮርቬት መብራቱን በኤሌክትሪክ ሞተር ይገልጥ ነበር፤ በ1968 ግን ሠሪዎቹ ያንን ትተው፥ የመኪናው ሞተር አየር ሲስብ በሚፈጠረው ባዶነት እንዲነሣ አደረጉ።

ይህ ኋለኛው መንገድ በደጋ አገር ይደክማል። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየርዋ ስስ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ የሚያነሣው ኃይልም ይቀንሳል። ከእርስዋ ይልቅ ከፍ ባለችው በአዲስ አበባችንማ ይብሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ኃይሉን ከባትሪ ስለሚያገኝ ይህ አይጎዳውም።

ሆኖም ከውበት የሚበልጥ ነገር አለ። ወደ ሞምባሳ በሚወስደው መንገድ በሌሊት ሲጓዙ ትንሹ ሞተር ቢቃጠልና መብራቱ ተከድኖ ቢቀር፥ በመኪናው ያለው ቤተ ሰብ ሁሉ በጨለማ ይዋጣል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መብራት የየራሱ ሞተርና ፊውዝ ይደረግለት፤ ክዳኑ ዳር ሲደርስ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጥ መሣሪያም ይግባለት። ከሁሉ ይልቅ በእጅ የሚያነሡበት እጀታ አይታጣ። እጀታውን ከጉዞ በፊት በቀን ብርሃን ሞክሮ ማየት የባለቤቱ ፋንታ ነው።