ኩስ ነው ብላችሁ አትናቁት

ሥራ ፍለጋ ላይ በነበርኩበት ክረምት የእናቴን ዱባ ገደልኩት። ትኩስ የዶሮ ኩስ ከሥሩ ከመርኩበትና በሳምንቱ ጠወለገ። ለካ በኩሱ ያለው ናይትሮጅን በብዛት ወደ አሞኒያ ሲቀየር ሥር ያቃጥላል! እማዬ «ችኩል ነሽ» ብላ፣ የተረፈውን ከገለባና ከደረቅ ቅጠል ጋር ቀላቅላ ለወራት አበሰበሰችው። በዓመቱ ያ ድንጋይ የነበረ አፈር ለሰለሰ፣ ውሃም መያዝ ጀመረ፤ የዱባው ሐረግ አጥር ዘሎ ጎረቤት ገባ።

ሰፈራችን ግን ኩሱን በከረጢት ጠቅጥቆ ወንዝ ዳር ይደፋል። አገራችን ደግሞ ዩሪያ በውጭ ምንዛሪ ትገዛለች። ኩስ ብቻውን ዩሪያን ይተካል አላልኩም፤ የጓሮ ዱባን ግን ይችላል። ችግራችን ድህነት ነው እንዳትሉኝ፤ ንቀት ነው። የእናንተ ግቢ ኩስስ የት ነው የሚሄደው?