የአልማዝ ራማን ሌዘር ቅልጥፍና ያለ ፖላራይዜሽን መረጃ ሲዘገብ

ስለ አልማዝ ራማን ሌዘር የተጻፈ ጥናት ሳነብ አስቀድሜ የምፈልገው የቅልጥፍናውን መቶኛ አይደለም፤ የፓምፑ ብርሃን ፖላራይዜሽን ከክሪስታሉ ከየትኛው አቅጣጫ ጋር እንደ ተገጣጠመ የሚገልጸውን ዓረፍተ ነገር ነው። ይህ ሲጎድል አንዱን ቁጥር ከሌላው ማነጻጸር አይቻልም ባይ ነኝ።

አልማዝ ኩባዊ ክሪስታል በመሆኑ ውጥረት ከሌለበት ብርሃን በየትኛውም አቅጣጫ በእኩል ፍጥነት ያልፍበታል። ስለዚህ ለራማን ብተናም አቅጣጫ ለውጥ የማያመጣ ይመስላል። እኔም በመጀመሪያው ሞዴሌ የራማን ማጉላቱን እንደ አንድ ቋሚ ቁጥር ወስጄ፣ ስሌቱ ከልኬቱ አልገጥም ሲል ጥፋቱን ለሳምንታት በመስታወቶቹ ላይ አላክክ ነበር።

ብተናውን የሚገዛው ግን ቴንሰር ነው። ብርሃኑ በ110 አቅጣጫ ሲጓዝ፣ ፓምፑም ስቶክሱም ለጉዞው ቀጤ ነክ በሆነው ሌላው የ110 አቅጣጫ ፖላራይዝድ ሲሆኑ የሚገኘውን ማጉላት 1 እንበል። ሁለቱም ወደ 111 ሲዞሩ 4/3 ይሆናል። ስቶክሱ በ111 ጸንቶ ፓምፑ ብቻ 90 ዲግሪ ቢዞር ወደ 1/3 ይወርዳል፤ የአራት እጥፍ ልዩነት ነው። ፖላራይዝድ ባልሆነ ፓምፕ ስቶክሱ በ111 እንዲቆይ ከተገደደ አማካዩ 5/6 ስለሚሆን፣ ሌዘሩ ሥራ የሚጀምርበት ደፍ በ1.6 እጥፍ ከፍ ይላል። ስቶክሱ ነጻ ከተተወ ራሱ ወደ 110 ያዘነብላል፤ የደፉም ጭማሪ አንድ ሦስተኛ ብቻ ይሆናል።

ከ1064 ወደ 1240 ናኖሜትር ሲቀየር የቅልጥፍናው ጣሪያ 86 በመቶ ገደማ ነው፤ ይህን የሚወስነው የፎቶኖቹ ኃይል እንጂ ፖላራይዜሽን አይደለም የሚል መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው። ፖላራይዜሽን የሚጎዳው በደፉ በኩል ነው። ከደፉ በላይ የውጤቱ ኃይል በቀጥታ መስመር ያድጋል ብለን ብንወስድ፣ የደፉን አሥር እጥፍ ፓምፕ ያለው ላቦራቶሪ ደፉ 1.6 እጥፍ ሲሆንበት ከውጤቱ የሚያጣው 7 በመቶ ያህል ነው። ሁለት እጥፍ ብቻ ያለው ግን 60 በመቶውን ያጣል። አቅም ያነሰው ላቦራቶሪ ነው የሚጎዳው።

ከጋዝ በሚበቅለው ሰው ሠራሽ አልማዝ ደግሞ ነገሩ ይወሳሰባል። በክሪስታሉ ውስጥ የቀረ ውጥረት ድርብ ስብረት ይፈጥራል፤ መጠኑም ከቦታ ቦታ ይለያያል። በሲድኒ የማኳሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት የስቶክሱ ፖላራይዜሽን በዚህ ውጥረት ሊሳብ ይችላል። እንግዲህ ፓምፑን በ111 ማስተካከል ብቻ አይበቃም፤ የሚወጣውም መለካት አለበት።

ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የግማሽ ሞገድ ፕሌትና አንድ ፖላራይዘር ነው፤ ሌላ ክሪስታል ከመግዛት እጅግ ይረክሳል። እኔ ከመመረቂያ ጽሑፌ ሁለት ግራፎችን አውጥቻለሁ፤ ልኬቱ ሲወሰድ ክሪስታሉ በየትኛው ገጹ እንደ ቆመ በማስታወሻ ደብተሬ አልሰፈረም ነበር።