ጠመዝማዛ ቦይ ለቀለም ኳስ ይበጃልን?

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አጠገብ፣ በአሮጌ ሜዳ፣ የእንግሊዝ ጦር ስናድር ጠመንጃ ይዞ ተሰለፈ። የብዙዎቹ የዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች ጠመንጃ ግን ውስጡ ልሙጥ፣ በአፈሙዙ የሚጎርስ ነበር። የስናድር ብልጫ በከፊል ከኋላው ፈጥኖ መጉረሱ፣ በከፊል ደግሞ በቧንቧው ውስጥ የተቀረጸው ጠመዝማዛ ቦይ ነው። ቦዩ ሞላላውን ጥይት ያሾረዋል፤ የሚሾር ነገርም እንደ እንዝርት አቅጣጫውን በቀላሉ አይለቅም።

ከዚህ ተነሥተው «ለፔይንትቦል መተኮሻም ቦይ ያለው ቧንቧ ይሻላል» የሚሉ አሉ። እኛ አንስማማም። በፈተና ወረቀት ላይ «ቦይ ዒላማን ያሳምራል» የሚል መልስ ሙሉ ነጥብ ያገኛል፤ የሚሾረው ነገር ምን እንደሆነ ግን አይጠየቅም። የቀለሙ ኳስ ሉል ስለሆነ በየትኛውም ጎኑ ቢዞር ለአየር የሚያሳየው ገጽ ያው ነው። እርግጥ ድቡልቡል እርሳስም በቦይ ሲተኮስ ዒላማውን የተሻለ ይመታ ነበር፤ እርሱ ግን ጥጥር ነው። የቀለሙ ኳስ 3 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ በስስ የጀላቲን ቅርፊት የታሸገ ፈሳሽ ነው። ቅርፊቱ ሲሾር ፈሳሹ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሽክርክሪቱንም ይበላበታል። የሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ተማሪዎችም ሆኑ ሌሎች አንባቢያን ጥሬና ቅቅል እንቁላል ጠረጴዛ ላይ አሹረው ልዩነቱን ይመልከቱ። ከጋይሮስኮፕ ምዕራፍ ይልቅ ይህ ያስተምራል ባዮች ነን።

ገንዘብ ያለው ሰው መጠናቸው እኩል የሆኑ፣ ከቧንቧው ጋር ልክ የሚገጥሙ ኳሶች ቢገዛበት ይሻላል። ተከራካሪ ካለም መተኮሻውን አጥብቆ ይሰር፤ ከአንድ ካርቶን በወጡ ኳሶች በእያንዳንዱ ቧንቧ 50 ጊዜ ተኩሶ፣ ወረቀቱ ላይ ያረፉበትን ስርጭት ይለካ። በ5 ተኩስ ብቻ የመጣ ማስረጃ አንቀበልም።